የእጅ ፍሬን ጩኸት በፒያሳ ቁልቁለት፦ ጥናታዊ ምልከታ

የጥናቱ ወሰን በሰሜን ጊዮርጊስ፣ በምሥራቅ ራስ መኮንን ድልድይ፣ በደቡብ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ነው። አካባቢው የተመረጠው በሳይንሳዊ ምክንያት ነው፦ ፒያሳ ላይ «ደልዳላ ቦታ አቁሜያለሁ» የሚል ሹፌር ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ዋሽቷል።

ጩኸቱ እንደተሰማ ምርመራው በሸንጎ ይጀመራል። ሹፌሩ ገና ሳይወርድ ሦስት ሰው ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሏል። አንዱ «ሸራው አልቋል» ይላል። ሁለተኛው «ካቦው ነው፣ ግራሶ አጥቶ፤ ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይሳቡት» ይላል። ሦስተኛው መኪና ኖሮት አያውቅም፤ ስለዚህ የእሱ ትንታኔ ረጅሙ ነው።

የዘርፉ ሊቃውንት (ጋራዥ ደጃፍ ጎማ ላይ የሚቀመጡት ማለት ነው) ድምፆቹን በወገን በወገን ይለያሉ። እጀታው ሲሳብ የሚሰማው «ቀጭ ቀጭ» በሽታ አይደለም፣ የጥርሱ ድምፅ ነው። ቀጭታው በዝቶ እጀታው ሽቅብ ከቆመ ግን ወይ ካቦው ረግቧል ወይ ሸራው ሳስቷል። በክረምት ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድበት ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሣ ከኋላ «ኳ!» ቢል፣ ሸራው ዝገት ካበቀለው ታምቡር ጋር ተጣብቆ አድሮ አሁን መላቀቁ ነው፤ አንዴ ብሎ ዝም ካለ ይታለፋል። እየሄዱ የማያባራ ፍጭትና የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ግን ፍሬኑ አልለቀቀም፣ መቆም ግድ ነው። ቸርኬውን በእጅ መንካት አይመከርም፣ ምንም እንኳ በአካባቢው ተቀባይነት ያለው የሙቀት መለኪያ መዳፍ ቢሆንም።

ከዚህ ሁሉ ክርክር ነፃ የሆነው ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ነው። ረዳቱ ከወንበር ሥር ድንጋይ ያወጣና ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል። ታኮ አይጮህም፣ አይዝግም፣ ካቦም የለው። እስካሁን የተመዘገበበት ጉድለት አንድ ብቻ ነው፦ ሚኒባሱ ሲሄድ አስፋልቱ ላይ ይቀርና ለተከታዩ መኪና ሌላ ጩኸት ያተርፍለታል።

መስኩን ያናጋው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የበዛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የሚሳብ እጀታ የለውም፤ ቁልፉን ሲጫኑት ከኋላ «ዝዝዝ» ይላል፣ ትንሽ ሞተር ሸራውን ከዲስኩ ጋር ሲያጣብቅ ማለት ነው። አንዳንዱማ ይብስበታል። ባለቤቱ ቆልፎት ቶሞካ ገብቶ ማኪያቶ ካዘዘ በኋላ ብቻውን «ዝዝዝ» ይላል። በጉዞ የጋለው ዲስክ ሲበርድ ይኮማተራል፣ ሞተሩም የላላውን መልሶ ያጠብቃል። ይህ ማብራሪያ ለተሰበሰበው ሕዝብ ቢቀርብ አንዲት እናት «ልጄ፣ ጠበል ይሻለዋል፤ ጊዮርጊስ እንደሆነ ቅርብ ነው» አሉ። አማራጩ በዚህ ጥናት አልተፈተሸም። የፓርኪንጉ ልጅ ከየትኛውም ወገን አልቆመም፤ ሸንጎው የፈጀውን ሰዓት አስልቶ ደረሰኝ ቆረጠ።