30 በመቶ ከስንት ላይ?

በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ ሲግናል አካባቢ የቡቲኮች መስታወት በቀይ ወረቀት ይሞላል። «ታላቅ ቅናሽ! 30%!» እሰየው! ግን ከስንት ላይ ነው የተቀነሰው? እሱን የሚናገር ወረቀት የለም። የዱሮውን ዋጋ ማውጣት የገዢው የቤት ሥራ ሆኗል።

ጫማው 2,100 ብር ይላል። ሰዉ እዚያው ቆሞ በስልኩ የ2,100ን 30 በመቶ ያወጣና መልሶ ይደምርበታል፤ 2,730። አይደለም! የተቀነሰው ከዱሮው ዋጋ ላይ ነዋ። የቀረው 70 በመቶ ስለሆነ 2,100 ለ0.7 ይካፈላል፤ 3,000 ብር ይመጣል። ይህን ሁሉ ለፍተን ካገኘነው በኋላ ደግሞ ጫማው እውነት በ3,000 ተሽጦ ያውቃል ወይ? ባለፈው አንዱ ሱቅ ውስጥ ተለጣፊውን በጥፍሬ ቀስ አድርጌ ባነሳው ከሥሩ ሌላ ተለጣፊ አለ፤ 2,200 ይላል። ለካስ ታላቁ ቅናሽ መቶ ብር ኖሯል!

«ዱሮ ስንት ነበር?» ብሎ ማስታወስም ቀርቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ የትኛውን ዱሮ ነው የምናስታውሰው? የአምናውን ወይስ የባለፈውን ወር?

ሒሳብ መክፈያው ጋ ስንደርስ ደግሞ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይመጣል። በደረሰኝ ከሆነ ያው ጫማ 15 በመቶ ቫት ታክሎበት 2,415 ይሆናል። ቅናሹ በር ላይ በትልቁ ይጻፋል፣ ጭማሪው በጆሮ ይነገራል።

ደክሞን ካፌ ብንገባ እዚያም ያው ነው። 253 ብር ከፍለን የበላነው የስንት ነው? 10 በመቶ ሰርቪስ፣ 15 በመቶ ቫት፣ በቃ 25 ብሎ መቀነስ አይሠራም፤ ቫቱ ሰርቪሱ ላይም ይታሰባል። ለ1.265 አካፍሉት፣ 200 ብር ነው። ማኪያቶ ለመጠጣት ካልኩሌተር!

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ደንግጓል። ስለዚህ ባለሱቆች ሆይ፣ የዱሮውን ዋጋ ጻፉና አንድ መስመር ስረዙበት፤ ሌላ አንጠይቃችሁም።