ሶፍትዌር ሳይመርጡ ፎቶ እንዳይከፍቱ

ካሜራዎን ከጄፔግ ወደ ሮው ካዛወሩት እንኳን ደስ ያለዎት። ከእንግዲህ የሚያነሱት ፎቶ ሳይሆን ገና ፎቶ ያልሆነ ነገር ነው። ሴንሰሩ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ የምታውቀው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ወይ ቀይ፣ ወይ አረንጓዴ፣ ወይ ሰማያዊ። ግማሾቹ አረንጓዴ ናቸው፤ የኮዳኩ ብራይስ ባየር በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት አደራደር ነው (ዓመቶቹ እንደ ካሜራዎ የፈረንጅ ናቸው)። የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች ከጎረቤት ነጥቦች ገምቶ መሙላት የሶፍትዌሩ ፋንታ ነው። ጄፔግ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ሲኖረው፣ ባለ14 ቢት ሮው 16,384 አለው። እንዲህ ያለ ሀብት ለማንም ፕሮግራም በችኮላ አይሰጥም። ስለዚህ በወጉ ሳይመርጡ አንድም ፎቶ እንዳይከፍቱ፣ አደራ።

ምርጫው በማወዳደር ይጀምራል። የአክስትዎን አንድ ፎቶ ይውሰዱና በላይትሩም፣ በካፕቸር ዋን፣ በዲኤክስኦ ፎቶላብ፣ በዳርክቴብልና በሮውቴራፒ ይክፈቱት። 200 በመቶ አጉልተው ሽፋሽፍታቸውን ያጥኑ። አንዱ ፊታቸውን ቀላ፣ አንዱ ጠየም፣ ሌላው ፈዘዝ ያደርገዋል። ልዩነቱ በአብዛኛው እያንዳንዱ ፕሮግራም ከሚነሳበት ቅንብር የሚመጣ ስለሆነ ሁለት ሦስት ማስተካከያ ሲነኩ ይጠባል። ስለዚህ ምንም እንዳይነኩ፤ ውድድሩ ይበላሻል። አክስትዎንም አስተያየት አይጠይቋቸው። እሳቸው «መቼ ነው የሚታጠበው?» ከማለት ሌላ ስለ ቀለም ሳይንስ የሚጨምሩት የለም።

ዋጋ ላይ ሲደርሱ ይረጋጉ። ላይትሩምን አንድ ጊዜ ገዝቶ መገላገል በ2015 በወጣው 6ኛው ዕትም አብቅቷል። አሁን በየወሩ የሚከፈል ኪራይ ነው፤ ኪራዩም በብር አይደለም። ዋሽንግተን ያለ የአጎት ልጅ ካርዱን ሊያውስዎት ይችላል፤ በየበዓሉ ሲደውል «ፎቶው እንዴት ነው?» ብሎ የመመርመር መብት እንዳገኘ ግን ይወቁት። ከጎረቤት ፍላሽ የሚገለበጠው ክራክ ወርሃዊ ክፍያ የለበትም፤ አብሮት የሚመጣው ቫይረስም እንዲሁ በነፃና ለዘለቄታው ነው። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ በሕጋዊ መንገድ ነፃ ናቸው። በዚሁ ምክንያት ይጠርጥሯቸው።

አንዴ ከመረጡ በኋላ ሙሉ ልብዎን ይስጡት። አፐርቸርን የመረጡ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። አፕል በ2005 አወጣው፤ በ2014 ሥራው እንደሚቆም አስታወቀ። የፒካሳን ወዳጆች ደግሞ ጉግል በ2016 አሰናበታቸው። ከአፐርቸር ወደ ላይትሩም የተሰደዱት የሰጡትን ኮከብና ቁልፍ ቃል ይዘው ተሻገሩ፤ ሌሊት ሙሉ ሲያስተካክሉት ያደሩት ብርሃንና ቀለም ግን ድንበር ላይ ቀረ። ላይትሩም ክላሲክ ውስጥ ኮከቡንና ቁልፍ ቃሉን ኤክስኤምፒ በምትባል ትንሽ ፋይል ከፎቶው ጎን እንዲጽፍ የሚያዝ አንድ ሳጥን አለ። ያችን ፋይል ሌሎች ፕሮግራሞችም ያነቧታል። ፕሮግራሙ ሲጫን ሳጥኑ ምልክት የለበትም፤ እርስዎም አይንኩት። ገና በፍቅር መጀመሪያ ስለ መለያየት ማሰብ ነውር ነው።

ካታሎግ የሚሉት ነገር የእድር መዝገብ ነው፤ የአባላቱን ስምና አድራሻ ይይዛል እንጂ አባላቱን አያሳድርም። ይህን ያልተረዳ ሰው «ላይትሩም ውስጥ ገብቷል» ብሎ ዋናዎቹን ፋይሎች ከሃርድ ዲስኩ ያጠፋል። ቦታ መቆጠቡስ እውነት ነው፤ አንድ ባለ24 ሜጋፒክስል ሮው 25 ሜጋባይት ገደማ ይበላልና።

አሁን ወደ ዋናው ሙያ፣ ወደ ማደራጀት እንለፍ። ፎልደሮችዎን በወር ስም ይሰይሙ፤ በአማርኛ፣ በሀገርዎ አቆጣጠር። በፊደል ተራ ሲደረደሩ ሐምሌ ዓመቱን ይከፍታል፣ መስከረምን መጋቢት ይከተለዋል፣ ጥር ከጥቅምት ይቀድማል። ኅዳር የት እንደሚውል በየትኛው «ሀ» እንደጻፉት ይወሰናል። ጳጉሜ ብቻ እንደ ደንቧ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች፤ ለእሷ ሲባል ሥርዓቱን መጠበቅ ይገባል። አንዳንዶች ጥር 11 ቀን 2017ን 2017-05-11 ብለው በቁጥር ይሰይማሉ። እነሱ የጥምቀቱን ፎቶ ወዲያው ያገኙታል፤ ግን ምን ጨዋታ አለው? ቁልፍ ቃል ሲሰጡም ነፃነትዎን ያክብሩ፤ ዛሬ «ሠርግ»፣ ነገ «ሰርግ»። ለእኛ አንድ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ስለሆኑ ሲፈልጉ ግማሽ ድግስ ብቻ ይመጣልዎታል።

ያንን ሠርግ በሁለት ካሜራ የሚያነሱ ከሆነ ደግሞ የአንዱን ሰዓት በሐበሻ፣ የሌላውን በፈረንጅ ይሙሉት። ሙሽሪት ቀን 6 ሰዓት ላይ ከቤት ስትወጣ የፈረንጁ 12:00 ብሎ ይመዘግባል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ኬክ ስትቆርስ የሐበሻው 11:00 ይላል። ፕሮግራሙ በታማኝነት ሲደረድረው ኬኩ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ሙሽራው ሊወስዳት ይመጣል። ላይትሩምም ሆነ ዲጂካም የተባለው ፕሮግራም የአንዱን ካሜራ ሰዓት በጅምላ 6 ሰዓት ወደፊት መግፋት ይችላሉ፤ ይህን ለማወቅ ግን ሜኑውን ከፍቶ ማየት ስለሚያስፈልግ አልመክርም።

ሙሽሮቹ መደወላቸው አይቀርም። «ኤዲት ላይ ነው» ይበሏቸው፤ ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚለው ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ሁለተኛ ሲደውሉ አዲስ ቨርዥን እየጫኑ መሆኑን በትሕትና ያስረዱ። ሦስተኛው ጥሪ የልጃቸውን ክርስትና እንዲያነሱላቸው ከሆነ ቀጠሮውን ይቀበሉ። ባትሪዎን ቻርጅ ያድርጉ፣ ሌንስዎን ይጥረጉ፣ ሜሞሪ ካርዱን ግን ፎርማት እንዳያደርጉት፤ ሠርጉ ገና እዚያው ላይ ነው።