«ልለቅ ነው» ያለ ደሞዝ አያልፈውም

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ «ልለቅ ነው» አይጠፋም። ፔሮል ላይ ያለው ስሙ ሌላ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ግን በዚሁ ነው። የእንጅባራው «ልለቅ ነው» ጠዋት 2፡30 ሲፈርም ሊለቅ ነው፣ 4 ሰዓት ላይ ሻይ ሲጠጣ ሊለቅ ነው፣ ደሞዝ የገባ ዕለት ብቻ ድምፁ ይጠፋል።

አንድ ቀን ኮቱን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሎ ሹልክ ሊል ሲል፣ «እኔ እንጃ፣ ሞራሌ ወድቋል» አለ።

«ኮትህ ግን ብርቱ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ወንበሩን ለቆ አያውቅም» አለችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ።

የሰው ሀብቱ ባለሙያ ነገሩን የምር ወስዶ፣ ሥራ የሚለቅ የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ወር አስቀድሞ ማስታወቅ እንዳለበት ሊያስረዳ ጀመረ።

«እሱ መቼ ሳያስታውቅ ቀረ?» አሉ ጥበቃው ጋሼ። «ይኸው ስድስት ዓመቱ!»

ነገሩ የደሞዝ ነው የሚሉ አሉ። ደሞዝማ በመስከረም 2018 ተሻሽሏል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ሠራተኛ መነሻው 11,500 ብር ሆኗል። ታዲያ ሞራልህ ለምን አብሮ አላደገም ብትሉት፣ «የጭማሪውን ወሬ አከራዬ ከፋይናንስ ቀድማ ሰማቻ!» ይላችኋል። እዚህ ላይ እውነቱን ነው፤ አልተርበውም። ነገር ግን ሁሉም ነገር በደሞዝ ቢሆን ኖሮ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ገና ድሮ በፈረሰ ነበር።

ማኅበሩ ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ለጋላቢ ደሞዝ ሲከፍል አልታየም። ፈረሱን የሚገዛው ባለቤቱ ነው፣ የሚቀልበው ባለቤቱ ነው፣ ኮርቻና ልጓሙን የሚያስውበውም ባለቤቱ። ሆኖም በዓሉ በሚከበርበት ጥር 23 እንጅባራ ላይ ቀሪ የሚባል የለም። «አበል ካልታሰበ አልጋልብም» ያለ አባል ካለ እስካሁን አልሰማንም። ለምን? ሜዳው አያዳላማ! የጋለበ ሲጋልብ ይታያል፣ የወደቀም ሲወድቅ ይታያል። ለአንዱ እልል ይባልለታል፣ ሌላው ይሳቅበታል፤ ሳቁም ቢሆን አየንህ ማለት ነው። መሐል ሜዳ ገብቶ «ሁለታችሁም እኩል ናችሁ» የሚል ኃላፊ የለም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን እንዲህ የሚል ኃላፊ አለ። በየስድስት ወሩ የአፈጻጸም ምዘና ቅጽ ይሞላል። ይሞላል ስል፣ ያለፈው ፋይል ይከፈትና ቀኑ ይቀየራል ማለቴ ነው፤ አንዳንዴ እሱም ይረሳል። የመዝገብ ቤቷ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ስታወጣና ስታስገባ፣ የጠፋ ፋይል በአቧራ መሐል ስትፈልግ ከርማ 87 ተሰጣት። «ልለቅ ነው»ም 87።

«ለምን እኩል?» ብላ ጠየቀች።

«በሠራተኛው መሐል ቅራኔ እንዳይፈጠር ነው» አሉ ኃላፊው።

«እንግዲያው ለኮቱም ይሞላለት፤ ከባለቤቱ ጋር ቅራኔ እንዳይገባ!»

እኔ እንደማየው ሞራል የሚሞተው እዚች ቅጽ ላይ ነው። ለአሠራር ማሻሻያ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ ሁሉም ግድግዳው ላይ ወረቀቱን ለጥፎ ሄደ። 87 ግን የትም አልሄደችም። ሰነፍ ሰው ሞራሌ ወደቀ ቢል ከየት ወደቀ ብለን እንስቃለን። ጎበዟ ዝም ስትል ነው መደንገጥ ያለብን።

«ልለቅ ነው» ግን የት ነው የሚሄደው? ፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ ተክለው ከሰል የሚያከስሉ አጎት አሉት። ገበያ ላይ ሲገናኙ፣ «ልቀቅና እንደኔ ትከል እንጂ!» ይሉታል።

«ለከሰል እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል እኮ አያ።»

«ያንተ እድገትስ? ደረሰልህ?»

«ደግሞ ዛፉ በሽታ ገብቶበታል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ገብቶበታል። ቢሮህ ጤና ነው?»

መልስ ሲያጣ ጡረታውን ያነሳል። ከደሞዙ 7 በመቶ እየተቆረጠ፣ መንግሥት 11 በመቶ እየጨመረበት ስድስት ዓመት አስቆጥሯል፤ ለጡረታ አበል ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል። እዚህም ላይ አልስቅበትም። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው በአንድ ክፉ ስብሰባ ተናዶ ደብዳቤ ቢወረውር፣ ንዴቱ በማግሥቱ ይበርዳል፣ ደብዳቤው ግን አይመለስም። ክፋቱ ግን የኛ ሰው ሒሳቡን አንድም ቀን በወረቀት አስልቶት አያውቅም፤ በአፉ ብቻ ነው የሚደምረው።

ዳንግላ የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛው ሌላ መንገድ አሳይቶታል። «ቺዝማንን አታውቀውም? የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ እኛ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ተቀመጠ። ቢሮ ገብቶ ሲያዛጋ አልዋለም፤ በቅሎውን ጭኖ ጣናን ዞረ፣ የዓባይን ሸለቆ አጠና፣ በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። ሥራ ሳይለቅ ሥራ አገኘ! አንተስ?»

«እሱ እኮ በፓውንድ ነበር የሚከፈለው!»

«አንተንም በፓውንድ ቢከፍሉህ፣ በእንግሊዝኛ ነበር ልለቅ ነው የምትለን።»

በነገራችን ላይ የቺዝማን አለቆች ሩቅ ነበሩ፤ የኛው አለቃ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ናቸው። የአለቃ ርቀትም ለሞራል ሳይጠቅም አይቀርም።

ታዲያ ባለፈው ወር መጨረሻ ክሊራንስ ይዞ ሲዞር የታየ ሰው ነበር። «ልለቅ ነው» አይደለም፤ የመዝገብ ቤቷ ናት። «እለቃለሁ» ስትል የሰማ ማንም የለም። ለካ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንግላ እየሄደች ከእህቷ ጋር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስታደራጅ ነበር፤ የስድስት ወር ኪራይ አስቀምጣለች፣ ማሽኑም ተከፍሎ አልቋል።

ንብረት ክፍሉ በ2009 የወሰደችውን ስቴፕለር ጠየቃት። አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አይሠራም።

«ይሄ እኮ አይሠራም!»

«ቢሆንም ከመዝገብ አይሰረዝ። እዚህ ቤት የማይሠራ ተሰርዞ ያውቃል?»

ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍት ይፈርምልሽ ተባለች። መሥሪያ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የለውም፤ የፊርማው ቦታ ግን ቅጹ ላይ አለ። እሱን ፍለጋ ግማሽ ቀን ዞረች።

«ልለቅ ነው» በር ላይ ጠብቆ፣ «እንዴት ቀደምሽኝ?» አላት።

«መቼ ተሰለፍክና!»

በመጨረሻ ኃላፊው ዘንድ ገባች። እሳቸውም ብዕራቸውን አንስተው ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፉ ቆዩ። «እህቴ፣ ምነው ሳትነግሪን? አሁን አንቺን የሚተካ ሰው ከየት እናመጣለን?»

«ምን ይቸግርዎታል ጋሼ? ሁላችንም 87 አይደለን!»