መብራት ሲመጣ

መብራት ሲሄድ የሚናደድ ብዙ ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ሲመጣ ነው። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ማታ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮኹ የሁሉም ፊት ይፈካል፤ የእኔ ዓይን ወደ ማድቤት ይሮጣል።

ነገሩ የሆነው በያሆዴ ዋዜማ ነው። ያሆዴ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከምባቶችም በዚያው ሰሞን መሳላ የተባለ በዓላቸውን ያከብራሉ። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በቡታጅራና በወራቤ በኩል ሰው ይጎርፋል፤ ወደ ከምባቶቹ ከተማ ወደ ዱራሜ የሚቀጥለውም አለ። በአካል ያልመጣ ደግሞ ብር ይልካል። የዚህ አገር ወጣት ደቡብ አፍሪካ ከገባ ወዲህ ስንት ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፣ ስንት ሳሎን በቴሌቪዥን ደመቀ! የአክስቴም ታላቅ ልጅ እዚያው ነው። «እማ፣ ጭስ ይብቃሽ» ብሎ ስቶቭ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና ፍሪጅ አስገዛላቸው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ለሁለት አምፖልና ለአንድ ራዲዮ የተዘረጋ ነው።

ዋዜማው ላይ ለአታካና የሚሆነው ቅቤ ስቶቩ ላይ ተጥዷል። አታካና ቡላ በቅቤ ነው፤ ቅቤ ስላችሁ ታዲያ ሽሮ ላይ ጠብ የምትለዋን አታስቡ፤ እዚህ በድስት ነው። ምጣዱ ላይ ለእንግዳ እንጀራ ይጋገራል። ሁለቱም የተሰኩት በአንድ ዲቫይደር ነው። መብራት ሄደ።

ሶኬት የነቀለ የለም። ሁላችንም ግቢ ወጥተን የመብራት ወሬ ያዝን። ሀዲያ በምዕራብ የኦሞን ወንዝ ይዋሰናል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ ደግሞ በዚሁ ወንዝ ላይ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። አንድ ጎረቤት «ወንዙ በደጃችን ያልፋል፣ መብራቱ ግን አያውቀንም» አሉና ሳቅን። እየሳቅን ሳለ «መጣ!» ተባለ። ስቶቩ፣ ምጣዱ፣ ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ በአንዴ ነቁ፤ እኛ ወሬያችንን ቀጠልን።

መጀመሪያ የቅቤ ሽታ መጣ፤ ደስ የሚል። ቀጥሎ ጭስ። ስንገባ ድስቱ ይነዳል። ትንሹ ልጃቸው የውሃ ጆግ አንሥቶ ሲሮጥ አክስቴ «ተው አንተ! ውሃውን ተው!» ብለው ጮኹበት። ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን የምጣድ አክምባሎ አነሡና እንደ ጋሻ ከፊታቸው ይዘው ቀስ ብለው ድስቱን ደፈኑት። ለእኔ «ብሬከሩን አውርድ!» አሉ። አወረድኩ። ልጁ ክዳኑን ገልጦ ለማየት ሲንጠራራ እጁን መቱት፤ ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ አየር አግኝቶ እንደገና ይያያዛል።

ይህን ሥልጠና ገብተው አልተማሩትም። ያደጉት እሳቱ መሀል ላይ በሚነድበት፣ ጣሪያው ሣር በሆነ ጎጆ ቤት ነው፤ እዚያ በቅቤ እሳት የቀለደ ቤቱን ያጣል። ውሃውን የከለከሉትም ለዚህ ነው፦ ውሃ ከሚነድ ቅቤ በታች ይሰምጣል፤ ወዲያው እንፋሎት ሲሆን 1,700 እጥፍ ያህል ያብጥና የሚነደውን ቅቤ ወደ ጣሪያና ወደ ፊት ይረጨዋል።

እግዜር ይመስገን ብለን ሳንጨርስ የፕላስቲክ ሽታ። ዲቫይደሩ ቀልጦ ከወለሉ ጋር ተጣብቋል። በማግስቱ የመጣው ኤሌክትሪሺያን ቁጭ ብሎ አሰላልን፦ ምጣዱ 3,500 ዋት፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር፤ ስቶቩ 2,000 ዋት፣ 9 አምፔር፤ ዲቫይደሩ ላይ የተጻፈው 10። «ብሬከሩ ለምን በራሱ አልወረደም?» አለ። ትንሹ ልጅ አቀረቀረ። እየወረደ ሲያስቸግራቸው ለካ በትልቅ አስቀይሮታል። የሚጮኸውን ውሻ ገድሎ ሌሊቱን በሰላም እንደ መተኛት ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ ምጣዱን ከብሬከር በቀጥታ በሚመጣ ወፍራም ሽቦ ለብቻው አስገባው፤ ለስቶቩም የራሱን ሶኬት ሰጠው፤ ትልቁን ብሬከር ነቅሎ ለሽቦው የሚመጥነውን አደረገ። አክስቴ ግን የዚያን ቀን አታካና በማገዶ ነው የሠሩት፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

እናንተ ጆሃንስበርግም ደርባንም ያላችሁ ልጆች፣ ለእናቶቻችሁ ስቶቭ ስትልኩ የኤሌክትሪሺያኑንም ሒሳብ አብራችሁ ላኩ። ስልክ ስትደውሉም «መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ትነቅያለሽ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልን።