ለእግረኛ መንገዱ የምስጋና ወረቀት ይሰጥልን

መንግሥትና የበጎ አድራጎት ማኅበር እጅና ጓንት ሆነው ሲሠሩ ማየት የሚሻ ሰው ጄኔቫ ድረስ መድከም የለበትም። ቤሩት ትበቃዋለች። በተለይ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ያለባት የከተማዋ ዳርቻ፣ ሐዝሚየህ፣ በ2012 ዓ.ም. ግንቦት መገባደጃና ሰኔ ላይ ያሳየችው ቅንጅት ለሥልጠና ማንዋል የሚሆን ነበር፤ የሚጽፈው ጠፍቶ ቀረ እንጂ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማዳም፣ ማለትም አሠሪዋ፣ መኪናዋን ከቆንስላው ደጅ ታቆማለች። ልጅቷ፣ ማለትም ኢትዮጵያዊቷ የቤት ሠራተኛ፣ ትወርዳለች፤ ሻንጣ ያላት ሻንጣዋን፣ የሌላት ፌስታሏን ይዛ። የስንት ወር ደሞዝ እንደቀረባት፣ ፓስፖርቷ ማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ነውር ነው። ዶላር የለም፣ የቀረውን ኤምባሲሽ ያውቃል ትባላለች፤ መኪናው ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ባለድርሻ አካላት ድርሻ ድርሻቸውን ያዋጣሉ። የሊባኖስ መንግሥት እግረኛ መንገዱን ያቀርባል። የኢትዮጵያ መንግሥት ግንቡን፣ በሩንና ባንዲራውን ያቀርባል። የቀረችውን ጥቃቅን ነገር፣ ማለትም ፍራሹን፣ ውሃውን፣ ምግቡን፣ ሞዴሱን፣ መድኃኒቱን፣ የቤት ኪራዩንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ማኅበራቱ ይሸፍኗታል።

ውለታ እንዳንበላ፣ የሊባኖስ ሥራ ሚኒስቴር ከሠላሳ የሚበልጡ ሴቶችን ከመንገዱ አንሥቶ ሆቴል አስገብቷል። ሠራተኛቸውን እንዲህ የሚጥሉ አሠሪዎችም ጥቁር መዝገብ ላይ እንደሚሰፍሩ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው ምን ያህል እንዳስደነገጠ ለማወቅ በማግስቱ መንገዱን ማየት ይበቃ ነበር። የሄዱት ቦታ በሌሎች ተተካ። እግረኛ መንገድ እንደ ሆቴል አይሞላም።

ማዳሞቹንም ቢሆን መረዳት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507.5 ሊራ ታስሮ ኖሮ በ2019 መጨረሻ ማሰሪያው ተበጠሰ። ባንኮቹ ሕዝቡን የገዛ ዶላሩን ከለከሉት። ሕዝቡ ባንክ ደጅ ሄዶ ጮኸ፣ መስታወት ሰበረ፤ ዶላሩ ግን አልወጣም። ያኔ አንድ ብልህ መፍትሔ ተገኘ፤ በመቶ ሃምሳና በሁለት መቶ ዶላር ከተቀጠረችው ልጅ ማካካስ። አንዷ በሊራ ውሰጂ ተባለች፤ ሌላዋ ቆይ ተባለች፤ ሦስተኛዋ ሐዝሚየህ ወረደች። የአገር ምጣኔ ሀብት ሲወድቅ የሚወድቅበት ሰው ማግኘት አለበት። ኮቪድ ተከተለ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የቤሩት ወደብ ላይ የተከማቸው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ገደለ።

የራሳችን መንግሥትስ? ማንም ሰው ዜግነቷን ካደባት ብሎ ሊከሰው አይችልም። ወደ አገሬ መልሱኝ ያለችውን ልጅ የቲኬቷንና የለይቶ ማቆያዋን ወጪ ከቻለች መመለስ እንደምትችል ነግሯታል። ደሞዟን ተከልክላ መንገድ ላይ የተጣለች ሴት ለቲኬትና ለሆቴል የሚሆን ጥሪት ከጉያዋ አታጣም የሚል እምነት ነው። ዜጋን እንዲህ በሀብት መጠርጠር ትልቅ አክብሮት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሊባኖስ መደበኛ የሥራ ውል የመመለሻ ቲኬቱን አሠሪው ይክፈል ይላል። ችግሩ ውሉን ይዞ ከማዳም መኪና ኋላ የሚሮጥ ሰው አለመመደቡ ነው።

የሮጡትማ ነበሩ። እኛ ለእኛ በስደት የሚባለውን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ያቋቋሙት በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የኖሩ ኢትዮጵያውያት ናቸው፤ መሥራቿ ባንቺ ይመር ያንኑ ኑሮ የኖረች ሴት ናት። የውጭ ጉዳይ ባለሙያ የላቸውም። ዓመታዊ በጀት የሚያጸድቅላቸው ምክር ቤት የላቸውም። ስልክ አላቸው። የእንዲህ ያለው ማኅበር ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ዶራ ወይም ቡርጅ ሃሙድ፣ ሊፍቱ የመብራት ሰዓት የሚጠብቅ ሕንጻ፣ አንድ ክፍል። ግድግዳውን ተደግፎ የሩዝ ከረጢት፣ ምስር፣ ዘይት፣ የሕፃን ዱቄት ወተት። ወለሉ ላይ የተቀመጠችው ልጅ በአንድ እጇ ፌስታል ትቋጥራለች፣ በሌላው የድምፅ መልእክት ትሰማለች። "እህቴ፣ ቆልፈውብኝ ሄደዋል፤ ስንተኛ ፎቅ እንደሆንኩ አላውቀውም።" "አይዞሽ የኔ እናት፣ ሎኬሽን ላኪልኝ፤ በመስኮት የሚታይሽን ንገሪኝ።" ይህቺው ልጅ ጠዋት ሰው ቤት ወለል ስታጸዳ ነበር፤ ነገም ታጸዳለች። የሁለት መንግሥታት የዜጎች ጉዳይ ክፍል ማለት እሷ ናት፤ ደሞዙ ነው ያልተነገራት።

ሌሎችም አሉ፤ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ካሪታስ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የስደተኞች ማዕከል አለው፤ የፀረ ዘረኝነት ንቅናቄ የሚባለው የሊባኖሳውያን ማኅበርም ከ2011 ወዲህ ለስደተኞች መሰብሰቢያና መማሪያ ቤት ከፍቷል። የሚረዳ ሰው የለም አይባልም። ነገሬ የሚረዳ ሰው ስላለ ሌላው እጁን አጣጥፎ ስለመቀመጡ ነው።

መቼም ሰው ከአንድ መከራ ይማራል ይባላል፤ የ2017 ዓ.ም. ጦርነት መጣ። መስከረም 13 የእስራኤል ድብደባ በመላው ሊባኖስ ሲሰፋ፣ ቀጥሎም ዳሂያ፣ ማለትም የቤሩት ደቡባዊ ዳርቻ፣ ሌሊት ሌሊት ሲነድ፣ ማዳም ልጆቿን ይዛ ወደ ተራራው ወጣች። አንዳንዷ ሠራተኛዋን ይዛ ሄደች፤ ይህ ሳይነገር እንዳይቀር። አንዳንዷ መንገድ ላይ አወረደቻት። አንዳንዷ ደግሞ ቤቱን እንድትጠብቅ ከውጭ ቆልፋባት ሄደች። በቦምብ መካከል የሚሰጠውን ይህን የጥበቃ አገልግሎት በትርፍ ሰዓት ክፍያ ማን እንዳሰበላት እንጃ።

የሊባኖስ መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ለተፈናቃዮች ከፈተ። የተጣሉት ሠራተኞችም ተፈናቃይ ነን ብለው ሄዱ። እዚያ ነው ስለ ራሳቸው አዲስ ነገር የተማሩት፤ ለካ ዳሂያ ውስጥ አሥር ዓመት መኖር፣ ከዳሂያ በእግር መሸሽና ባሕር ዳር ኮርኒሽ ላይ ማደር ሰውን ተፈናቃይ አያሰኘውም። መጠለያው ለሊባኖሳውያን ነው ተብለው ከብዙ ትምህርት ቤት በር ተመለሱ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ያኔ በአገሪቱ ያሉት የውጭ አገር ሠራተኞች ወደ 170 ሺህ እንደሚደርሱ ይገምት ነበር። ለእነሱ በራቸውን ከከፈቱት አንዱ አሽራፊየህ ያለው የኢየሱሳውያን የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያም በቅጽበት ሞላ። ፍራሹን ማን ተሸከመ፣ ወጡን ማን ሠራ፣ ቤት ማን ተከራየላቸው ብላችሁ እንደማትጠይቁኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከ ኅዳር 18ቱ ተኩስ አቁም ድረስ የዚያች ፌስታል ቋጣሪ ልጅ ስልክ አላረፈም።

የእኛ አገር ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል፤ የምክክር መድረክ ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቡናና ኩኪስ ይቀርባል። የሚመለከታቸው አካላት በሙሉ ተገኙ ይባላል፤ የሚመለከታት ልጅ እሑድ ብቻ ስለምትወጣ፣ ስብሰባውም ማክሰኞ ስለሆነ አትገኝም። የተጣለች ሴት "የቅንጅት ክፍተት" ተብላ ትመዘገባለች። ማኅበራቱ ላሳዩት ትጋት ይመሰገናሉ፤ ትጋታቸው ተጠናክሮ እንዲቀጥል አቅጣጫ ይቀመጣል። አቅጣጫው ወደ እነሱው ነው። በመጨረሻ የጋራ ፎቶ ይነሣሉ፤ መሐል ላይ የሚቆመው ሰውዬ ፌስታል ቋጥሮ አያውቅም።

እንግዲህ ማመስገን ካልቀረ፣ እኔ ለምስጋና ወረቀቱ አንድ እጩ አለኝ፤ የሐዝሚየህ እግረኛ መንገድ። ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው። ቀጠሮ አይጠይቅም። ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) አልፏል፣ ከከፊልሽ (ከዋስ አሠሪሽ) ጠፍተሻል ብሎ ለፖሊስ አይደውልም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አይልም። መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ አምጪ ብሎ ያባረረው ሰው የለም። በዚያ የትብብር ማዕቀፍ ውስጥ ከማኅበራቱ ሌላ የገባውን ቃል የፈጸመው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በባለድርሻ አካልነት ተመዝግቦ የቃለ ጉባኤ ግልባጭ እንዲደርሰው አመለክታለሁ።

ማሾፍ የማይቻልበት ቦታም አለ። ከሐዝሚየሁ ሰኔ ስምንት ዓመት በፊት፣ የካቲት 16 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ እዚያው ቤሩት በቆንስላችን ደጅ አንዲት ኢትዮጵያዊት አልሄድም ብላ ስትጮህ ወንዶች ጎትተው መኪና ውስጥ ሲከቷት በቪዲዮ ተቀረጸች። የሊባኖስ ቴሌቪዥን አሳየው፣ ዓለም አየው። መጋቢት 5 ቀን፣ በገባችበት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ራሷን አጠፋች ተባለ። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ያን ጊዜም ተቆጣን፣ ያን ጊዜም ይጣራል ተባለ። በ2012 ዓ.ም. ሴቶቹ ከነፍራሻቸው ቆንስላ ደጅ ሲያድሩ አዲስ ነገር እንዳየ ሰው የደነገጠ ባለሥልጣን ካለ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ድንጋጤው የት እንደነበረ ይንገረን።

ለነገሩ አገራችን እርምጃ አልወሰደችም አይባልም። በ2000 ዓ.ም. ወደ ሊባኖስ ለሥራ መሄድን ከለከለች። ልጆቹ በሱዳን፣ በየመን፣ በዱባይ እየዞሩ ገቡ፤ ደላላው ዋጋ ጨመረ። በ2006 ክልከላው ወደ መላው መካከለኛው ምሥራቅ ሰፋ፣ በ2010 ተነሣ። ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ደላላው ነው፤ እሱ የምስጋና ወረቀት አይፈልግም።

አሁን ማኅበራቱን የሚነቅፍ ሰው አንድ ነገር ያነሣል፤ ሕጋዊ ይሁኑ፣ ይደራጁ ይላል። ተደራጅተው ነበር። በጥር 2007 ዓ.ም. በሊባኖስ ያሉ የቤት ሠራተኞች፣ ኢትዮጵያውያንም፣ ፊሊፒናውያንም፣ ስሪላንካውያንም፣ በአገሪቱ የሠራተኞች ፌዴሬሽን ጥላ ሥር ማኅበር መሠረቱ። የጊዜው የሥራ ሚኒስትር ሕገ ወጥ ነው አሉት። ሠራተኛ አስመጪ ቢሮዎች ግን ሕጋዊ ሲንዲኬት አላቸው። ሰው የሚያስመጡት መደራጀት ይችላሉ፤ የመጣችው ሰው አትችልም። ነሐሴ 29 ቀን 2012 የሥራ ሚኒስቴሩ አዲስ መደበኛ ውል አወጣ፤ ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ፣ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ መልቀቅ እንድትችል፣ ዝቅተኛ ደሞዝና የሳምንት ዕረፍት እንዲኖራት የሚል። የአስመጪዎቹ ሲንዲኬት ከሰሰ። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ጥቅምት 4 ቀን 2013 ውሉን አገደው፤ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የምክክር መድረክ የተጠራችሁ ሰዎች፣ አንድ ውለታ ዋሉልን። ስለ ቅንጅት ከመናገራችሁ በፊት ስብሰባውን ወደ እሑድ አዙሩት፤ ለቡናው የተያዘውን ገንዘብም ለቲኬት ስጡ። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ጥበቃ ውጭ ያደርጋል፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም ዜጎቹን የሚልከው ይህን እያወቀ ነው።