ጉልበቱ የበዛበት ቀጥቃጭ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ውስጥ አስማታዊ ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ አለ፤ አርቲፊሰር ይሉታል። ከጓደኞቹ እንዳይበረታ የጨዋታው አዘጋጆች ብዙ ተጨንቀውበታል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለውን ባለሙያ በአንድ ጊዜ ከ2 ዕቃ በላይ አስማት እንዳያሳድር ከለከለው።

ምነው አዘጋጆቹ ወሎ፣ ሐይቅና አምባሰል ወርደው በጠየቁ! እኛ ዘንድ ባለሙያውን የመገደቡ ነገር ዳይስ ሳይወረወር ያለቀ ጉዳይ ነው። ቀጥቃጩ ወናፉን ነፍቶ፣ ብረቱን አግሎ ማረሻ ያወጣል። ገበሬው ገዝቶ ጤፉን ያርስበታል፤ ከዚያ ልጁን ከሠሪው ዓይን ይሸሽጋል። ርስት ነፈግነው፤ ጋብቻም ከለከልነው። ይህም አላጠግብ ብሎን «ሌሊት ጅብ ይሆናል» አልን። በጨዋታው ደንብ ወደ አውሬ መለወጥ ድሩይድ የሚባለው ሌላ ባለሙያ የሚኮራበት ሥልጣን ነው፤ እኛ ሳይጠይቀን በነጻ መረቅንለት!

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። ተጫዋቹ ግን የታረመውን ደንብ ለማንበብ መቼ ቸኩሎ! ማጭዱ ሲዶለዱምበት ብቻ ወደዚያው ቀጥቃጭ ደጅ ይሮጣል፤ ያውም ሳይመሽ።