ፀሐይ በየፊደሉ

ሸዋ ሮቢት ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ጥላ ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የማንጎ ዛፍና የባነር ፊደል። ማንጎው ጥላውን ለመንገደኛ ያካፍላል። ፊደሉ ግን ጥላውን በአራት አቅጣጫ ዘርግቶ ለራሱ ብቻ ይዞታል።

አንድ የሽንኩርት ነጋዴ የሱቃቸውን ባነር ሊረከቡ ማተሚያ ቤት ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«3ዲ ነዋ ጋሼ!»

«ፊቴ ላይ ፀሐዩ ከግራ ነው፣ ስሜ ላይ ከቀኝ፣ ሽንኩርቱ ላይ ደግሞ ከሥር። ስንት ፀሐይ ነው የወጣብኝ?»

«ከጧት እስከ ማታ ክፍት ነን ብለህ ጻፍ አላሉኝም?»

መልሱ አፍ ያስይዛል፤ ጥፋቱን ግን አይሸፍንም። ፎቶሾፕ ውስጥ «ግሎባል ላይት» የምትባል ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ካለባት የሌየሮቹ ጥላና የጠርዛቸው ብርሃን በሙሉ ለአንድ ፀሐይ ይታዘዛል። ምልክቱ ሲነሣ እያንዳንዱ ሌየር የግል ፀሐዩን ያወጣል። እዚህ ይፋት ቆላ ላይ አንዷ መች አነሰችንና ነው?

ውፍረቱስ እንዴት መጣ? ጽሑፉን ኮፒ ማድረግ፣ አንድ ፒክስል መግፋት፣ ደግሞ ኮፒ፣ ደግሞ መግፋት፤ ከሥር ያሉትን ማጥቆር። ሃያኛው ላይ ፊደሉ ግንብ ይመስላል፣ ኮምፒዩተሩ ያቃስታል፣ ሴቭ ሳይደረግ መብራት ይሄዳል። (ዘዴውን አልንቀውም። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ የወሰነ እጅ ሲሠራው ያምራል። ሳይወስን የሠራው ፊደሉን አወፈረው እንጂ ጥልቀት አልሰጠውም።)

«ሽንኩርት ብዬ አልነበር ያዘዝኩህ?»

«እሱን ነው የጻፍኩት።»

«ሽንከርት ነው የሚለው!»

«የኩ እጇ ቤቭሉ ውስጥ ገብታ ነው ጋሼ። ጠጋ ብለው ቢያዩዋት አለች።»

«ከደሴ የሚመጣ ሹፌር መኪናውን አቁሞ እጇን ይፈልግልህ?»

እዚህ ላይ ለልጁ ጥብቅና እቆማለሁ። የሚማርበት ቪዲዮ ሁሉ የሚያሳየው የላቲን ፊደል ነው፤ ያ ፊደል «ቤቭል ኤንድ ኢምቦስ» የሚባለው ማሳበጫ ብዙ ቢጫንበትም ይችለዋል። የኛ ካዕብ ግን የተንጠለጠለው በአንዲት ጭረት ነው። መጠኑ ሲጨምር ጭረቷ ከእብጠቱ ጋር ትዋጣለች፣ «ቡና»ም «በና» ይሆናል። መጠኑን ቀንሶ ወፍራም የአማርኛ ፎንት መምረጥ ነበረበት።

ነጋዴው ግን ጥብቅናዬን አልሰሙም።

«ልጄ ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ሲነግረኝ፣ ፎቶሾፕ ራሱ 3ዲውን ትቶታል አለኝ።»

«የኔው የድሮ ነው ጋሼ፣ ወሬው አልደረሰውም።»

የልጃቸው ወሬ ትክክል ነው። አዶቢ 3ዲን ወደ ፎቶሾፕ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2007 በሲ.ኤስ. 3 ኤክስቴንድድ ነበር። በ2010 በሲ.ኤስ. 5 ጽሑፍን ጎትቶ የሚያወፍር መሣሪያ ጨመረበት። በ2021 ደግሞ ክፍሉን ደረጃ በደረጃ ሊያነሣው መሆኑን አስታውቆ፣ ሰውን ሰብስታንስ ወደተባለው ሌላ ምርቱ መራ። 14 ዓመት ሞክሮ የሥዕል ማረሚያ የቅርጽ ማነጫ እንደማይሆነው ያመነ ኩባንያ ነው፤ የኛ ሰው ደግሞ «3ዲ እንሠራለን» ብሎ በሩ ላይ ለጥፏል። ከ2002 ጀምሮ ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነው ብሌንደር የሚባል የ3ዲ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። እሱ ላይ መብራቱን አንተው ታቆማለህ፤ ጥላው የሚወድቅበትን ፕሮግራሙ አስልቶ ያወጣል። ለመልመድ ያደክማል፣ ግን ከሥር የበራ ሽንኩርት አያሳይህም።

«ስማኝ ልጄ» አሉ ነጋዴው፣ «የይፋት ሱልጣኖች የወላስማዎቹ ሰዎች ኖራና አስበሪ ላይ ድንጋይ ደርድረው መስጊድ ሠሩ። ስድስት መቶ ዓመት አልፎት ፍርስራሹን ዛሬም እዞረዋለሁ። ያንተንስ ልዙረው?»

«ያ ግን ባነር የለውም ጋሼ፣ ማን ያውቀዋል?»

ይቺኛዋ መልስ ቆረጠችኝ፣ እውነት ስላለባት። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር ለክቶ በ3ዲ አስቀምጧቸዋል። የይፋትን ግድግዳ ለመጀመር ሌዘርም አያስፈልግም፤ ዙሪያውን ተደራርበው የተነሡ የስልክ ፎቶዎች ካሉ ድንጋዩን በድንጋይ ቅርጹን የሚያወጣ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ስልኩ በልጁ ኪስ ነው፤ ኖራም ከሮቢት ሩቅ አገር አይደለም።

ነጋዴው ባነሩን ዞረው አዩት።

«ከኋላው ነጭ ላስቲክ ነው።»

«የጀርባው ሂሳብ ለብቻ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ግማሹን ብር ያዝ።»

«ቀሪውስ?»

«ከብሩ ኋላ ነዋ! ባይታይህም 3ዲ ነው።»